ሦስት ኪሎ ተኩል

ነሐሴ አለቀብኝ። ሰኞ ገበያ፣ ሱቄ ውስጥ፣
ሰማንያ ዩኒፎርም ሳይሰፋ ተቆልሎ፣
የስፌት መኪናዬ ሞተር፣ አዲስ አበባ ያዘዝኩት፣
ኮምቦልቻ መጋዘን ቀረ ተንጠልጥሎ።

አድራሾቹ ሥራ አቆሙ አሉ፤
የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከጠረጴዛ ጣሉ፤
በሩ ላይ ተኮልኩለው ውለው ያመሻሉ አሉ።
«አሉ» ነው ደሴ ሁሉ።

ፀጉር ቤት ገብቼ ወሬውን ስሰማ
አንዱ «ጥጋብ» ይላል፣ አረፋ ለብሶ አገጩ፦
«ሥራ አጥ ሞልቷል እኮ በዚህ ሁሉ ከተማ፤
አሥሩን ቢያባርሩ ይደርቃል ምንጩ!»
ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ
«እኔ ሱቄን ብዘጋ ማን ይጠይቀኛል?» አለ።
ታክሲ ውስጥ ረዳቱ፣ ሒሳብ እየለቀመ፦
«የሙሽራዋ ቬሎ እዚያው ታሽጎ ከረመ!»
መድኃኒት የሚጠብቁ አንዲት ሴትዮ ብቻ፣
ስማቸውን የማላውቅ፣ ከኋላ መቀመጫ፣
«የእህቴ ልጅ እዚያው ናት» አሉ።
ሌላ አልጨመሩም። መስኮቱን ያያሉ።

እኔም አላነስኩም፤ አፌ ሞልቶ ነበር፦
«ጥያቄ ካላቸው ማታ ማታ ይጠይቁ፤
ቀን ዕቃ ያድርሱ፤ ይህ ነው የሥራ ክብር!»
ታክሲው ውስጥ ያሉት በሙሉ ሳቁ።
ደስ ይላል ሰው ሲስቅልህ፤
እውነቱን የጨበጥክ ይመስልሃል በእጅህ።

ማክሰኞ ማለዳ ሐረጎን ወረድኩት።
ጉሙ መንገድ ውጦ፣ ሚኒባሱ እያቃሰተ፣
የምወረውረውን ስድብ በልቤ ደረደርኩት፤
አንዱን ሳነሳ ሌላው እየበረከተ።
ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ኮቴን አስወለቀኝ፤
ስድቡን አላወለቅኩም።

በሩ ላይ ሃያ ሁለት ሰው፣
ሃያ ሁለት ሄልሜት ጉልበት ላይ ተቀምጦ።
የሚጮህ የለም። አንዱ የባልደረባውን ጎማ ይለጥፋል፤
አንዱ በስልክ ለልጁ ሒሳብ ያስረዳል፣ አቀርቅሮ፣ ተመስጦ።

ጦይባ የምትባል፣ ፊቷ በፀሐይ የከሰለ፣
ደብተር ይዛ መጣች፣ ጠርዙ በዝናብ የተሸበለለ።
«ዕቃዎን ይውሰዱ ጋሼ፤ ክፍት ነው በሩ ለባለቤት፤
እኛ አንሸከምም እንጂ ሰው አንለይም ከንብረት።
በአንድ ዕቃ አሥራ አራት ብር፤ ቤንዚኑ ከኪሳችን፤
ጎማው፣ ዝናቡ፣ ውሻው የራሳችን።
አራተኛ ፎቅም አሥራ አራት፣ ጦሳ ግርጌም አሥራ አራት።
ባለቤቱ ከሌለ ምንም። ከተሰበረ ደግሞ...»

ደብተሩን ገለጠች። ጣቷ ያረፈበት መስመር
የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነበር፦
«የግድግዳ መስታወት። ጥጉ ተሰንጥቋል።»
ፊርማዬ ከሥሩ እንደ ጅራት ተጠማዟል።
ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፦ አራጋው፤ የስድስት ቀን ተቆርጧል።

የዚያኔ ገንዘቤን አስመለስኩ።
መስታወቱን ግን አልመለስኩ።
እስከ ዛሬ ደንበኛ ልኩን ያይበታል፤
ስንጥቁ የትከሻን ጫፍ ብቻ ይነካል።

አራጋው የትኛው ነው? አልጠየቅኩም።
ከሃያ ሁለቱ አንዱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ወይም መሰለኝ።
ወደ ሚዛኑ ቸኮልኩ። ሦስት ኪሎ ተኩል።
ፈርሜ ወሰድኩ። አሁንም ፈረምኩ።

ሽቅብ ስንመለስ፣ «ሰጡዎት እንዴ እነዚያ ጥጋበኞች?»
አለኝ አንድ ጎረምሳ፤ ዞሩ ተሳፋሪዎች።
ሳቃቸው ተሰናድቷል፣ አንድ ቃል ብቻ ጎድሎታል።
«ሰጡኝ» አልኩ።
«ታዲያ ካርቶኑን አያሳርፉትም? ይከብዳል?»
«ሦስት ኪሎ ተኩል ነው» አልኩ፤
ቆይቼ ደግሞ፣ «ከብዶኛል።»
ማንም አልሳቀም። ረዳቱ ሒሳብ ጠየቀ።
ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

እነሱ ዛሬም በሩ ላይ ናቸው አሉ።

ማታ መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።
ጠዋት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፣ ዩኒፎርም ልታስለካ።
መልሼ አዞርኩት።